ስለ «ስካይ ሃይ» ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን የሚያፈርጡት ጥያቄዎች ወደ መጨረሻ ስለተቀመጡ፣ ፊልሙን ገና ያላያችሁ ማስጠንቀቂያው ጋ ስትደርሱ አቁሙ።

«ስካይ ሃይ» ምን ዓይነት ፊልም ነው?

ዲስኒ በ2005 ያወጣው የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ሃይስኩል አለ፤ የሚማሩበትም የሱፐር ሂሮ ልጆች ናቸው። የተማሪ ሰርቪሱ ሳይቀር ይበራል። ዊል ስትሮንግሆልድ የሚባል ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሊጀምር ነው። አባቱ «ኮማንደሩ» በጉልበት አቻ የለውም። እናቱ «ጄትስትሪም» ትበራለች። ማክስቪል የምትባለውን ከተማ የሚጠብቋት እነሱ ናቸው። ሰው የሚያውቃቸው ግን መነጽር ሰክተው ቤት ሲያሻሽጡ ነው።

ዊል ደግሞ ምንም ኃይል የለውም። ለወላጆቹም ትንፍሽ አላለም። አባትየው ልጁ የእሱን መንገድ እንደሚከተል ስላልተጠራጠረ ከወዲሁ ደረቱን ነፍቶ ይጠብቃል። የፊልሙ ቀልድም ጭንቀትም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ዳይሬክተሩ ማይክ ሚቼል ነው። በኋላ የ«ሽሬክ» አራተኛውን ክፍልና «ትሮልስ»ን የሠራው ሰው። ከሦስቱ ጸሐፊዎች ሁለቱ፣ ቦብ ስኩሊና ማርክ ማኮርክል፣ የ«ኪም ፖሲብል» ካርቱን ፈጣሪዎች ናቸው። ካርቱኑን ያየ ሰው የንግግሩን ፍጥነት ወዲያው ያውቀዋል።

ፈልጌው ስለ ሌቦች የሚያወራ ፊልም ወጣልኝ። ምን ተፈጠረ?

ስሙ ነው ያሳሳታችሁ። ኔትፍሊክስ ላይ «ስካይ ሃይ» በሚል ርዕስ የምታገኙት በ2020 የተሠራ የስፔን የወንጀል ፊልም ነው። በ2023 ተከታታይ ድራማም ወጥቶለታል። ሱቅ የሚዘርፉ ወጣቶች ታሪክ ነው፤ ለልጆች አይሆንም። ርዕሱን ብቻ አይታችሁ ሪሞቱን ለልጆች አትስጡ። 2005 የሚለውን ዓመትና የዲስኒን ስም አይታችሁ አረጋግጡ።

ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?

አሜሪካ ውስጥ ፒጂ የሚል ደረጃ ነው የተሰጠው። ልጆች ማየት ይችላሉ፣ ወላጅ ግን ዓይኑን ጣል ያድርግ ማለት ነው። ምክንያቱ ድብድቡና አንዳንድ ለስለስ ያሉ ስድቦች ናቸው። ደም አይታይም። ጥቂት መሳሳም አለ። ወላጆች በሌሉበት ቤት የሚደረግ ጩኸት የበዛበት ፓርቲም አለ።

በእኔ ግምት ከሰባት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ምንም አይልም። ከዚያ በታች ያሉትን ሁለት ቦታዎች ሊያስደነግጧቸው ይችላሉ። አንዱ ምሳ ሰዓት ላይ በእሳት የሚደረገው ጠብ ነው። ሌላው ሰው ከትልቅ ከፍታ ላይ የሚወረወርበት ትዕይንት ነው። አብሯችሁ ለሚቀመጥ ልጅ ሁለቱም በሳቅ ያልፋሉ።

አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሞላቸውስ? «የሕፃን ፊልም ነው» ብለው ይጀምራሉ። ተዋቸው፣ ያዩታል።

የት ይገኛል?

ዲስኒ ፕላስ ላይ ፈልጉት። አገልግሎቱ ወደ ገልፍ አገሮችና ወደ እስራኤል የገባው በሰኔ 2022 ነው፤ አሜሪካና ምዕራብ አውሮፓ ያላችሁማ ከዚያ ቀድማችኋል። የፊልሞቹ ዝርዝር ከአገር አገር ስለሚለያይ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን ፈልጋችሁ እዩ። ርዝመቱ 100 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰብታይትሉን ክፈቱት፤ ቀልዱ ከግማሽ በላይ በንግግር ነው፤ ንግግሩም ይሮጣል።

የአሜሪካ ሃይስኩል እውነትም እንዲህ ነው?

መብረሩን ትታችሁ፣ ብዙው ነው። ይህን ጥያቄ ደጋግመው የሚያነሱት ልጆቻቸውን ይዘው አሜሪካ የገቡ ወላጆች ናቸው፤ በደንብ ቢመለስ ይጠቅማል። ሃይስኩል አራት ዓመት ነው፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ። አዲስ የገባውን ዘጠነኛ «ፍሬሽማን» ይሉታል፤ መቀለጃም ይሆናል። ዊል ከሰርቪሱ እንደወረደ የሚደርስበት ይኸው ነው። እኛ አገር ተማሪው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ አስተማሪው ይመላለሳል። እዚያ የሚመላለሰው ተማሪው ነው፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ኮሪደሩ የሚጨናነቀውም ለዚህ ነው።

ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ያለው ሆምካሚንግም እውነተኛ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በመከር ወራት የሚደረግ የትምህርት ቤት በዓል ሲሆን የእግር ኳስ ጨዋታ (የእነሱ፣ በእጅ የሚያዘው) እና የዳንስ ምሽት አለው። ማን ከማን ጋር ይሄዳል የሚለው ለሳምንታት ያነጋግራል። ልጃችሁ ስለ እሱ ሲያወራ «ትምህርትህን ተማር» ከማለታችሁ በፊት ይህን ፊልም እዩ፤ ነገሩ እነሱ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባችኋል።

ምሳ ሰዓት ላይ ማን የት ይቀመጣል የሚለውም የፈጠራ አይደለም። ዋረን የሚባለው ልጅ ብቻውን የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ልብ በሉ። አንድ ቃል ሳይናገር ማን እንደሆነ ነግሮናል።

«ጀግና» እና «ረዳት» የሚባለው ክፍፍል ምንድን ነው?

የፊልሙ ልብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ተማሪዎች ጂም ውስጥ ይሰለፋሉ። የስፖርት አስተማሪው ቡመር አንድ በአንድ መድረክ ላይ ያወጣቸዋል። ያለህን ኃይል አሳይ ይላል። ያሳያሉ። ቡመር የራሱ ኃይል ድምፁ ነው፤ በዚያው ድምፅ «ጀግና!» ወይም «ረዳት!» ብሎ ይጮኻል። ለአራት ዓመት የምትማረው ትምህርት በዚያች ደቂቃ ተወሰነ።

ላሪ የሚባለው ቀጫጫ ልጅ ወደ ትልቅ የድንጋይ ፍጡር ይለወጣል፤ ጀግና ተባለ። ዛክ ሰውነቱ ያበራል፤ ግን ብርሃኑ የሚታየው ጨለማ ውስጥ ብቻ ነው፤ ረዳት። ኢታን ቀልጦ ኩሬ ይሆናል፤ ረዳት። ማጀንታ ወደ ጊኒ ፒግ ትለወጣለች። ጊኒ ፒግ ከአይጥ ተለቅ የምትል፣ ፈረንጆች ለልጆቻቸው የሚያሳድጓት እንስሳ ናት። እሷም ረዳት። ለዊል ደግሞ ቡመር መኪና አናቱ ላይ ይለቅበታል፣ ምናልባት ጉልበት ይወጣው እንደሆነ ብሎ። አልወጣውም።

ትምህርት ቤቱ በይፋ «ሂሮ ሰፖርት» ነው የሚላቸው፣ ለጨዋነት። ሁሉም ግን ሳይድኪክ ይሏቸዋል። ጀግኖቹ የእብድ ሳይንስ እየተማሩ ጨረር የሚተፋ መሣሪያ ሲገጣጥሙ፣ ረዳቶቹ ለአለቃቸው የትኛውን ዕቃ መቼ እንደሚያቀብሉ ይለማመዳሉ። የረዳቶቹ መምህር ሚስተር ቦይ ራሱ በአንድ ወቅት የኮማንደሩ ረዳት ነበር። የሚያስቅ ሰው ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ግን ያሳዝናችኋል።

እኛ አገር ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ደረሰው ሲባል የአንዳንድ ቤተሰብ ፊት እንዴት እንደሚለዋወጥ ያየ ሰው፣ ይህን ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ተዋናዮቹን የሆነ ቦታ አውቃቸዋለሁ። እነማን ናቸው?

ኮማንደሩ ከርት ራስል ነው። እሱን ለዚህ ሚና መምረጣቸው በራሱ ቀልድ ነው። ራስል ገና በልጅነቱ በ1960ዎቹ ለዲስኒ መሥራት የጀመረ ሰው ነው፤ በ1975 በወጣ የዲስኒ ፊልም ደግሞ በድንገት ልዩ ጉልበት የሚያገኝ ተማሪ ሆኖ ተጫውቷል። ከ30 ዓመት በኋላ ያው ተማሪ አባት ሆኖ የመጣ ይመስላል። እናቲቱ ኬሊ ፕሬስተን ነበረች፤ በ2020 አርፋለች።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሊንዳ ካርተር ናት፤ ከ1975 እስከ 1979 በቴሌቪዥን ዎንደር ውመን የምትባለውን ሱፐር ሂሮ የተጫወተችው። አንድ ቦታ ላይ «ከዚህ በላይ ልረዳ አልችልም፣ እኔ ዎንደር ውመን አይደለሁም» ትላለች። ልጆች አይስቁም። አባቶች ከሶፋው ሊወድቁ ይደርሳሉ።

ወጣቶቹ ደግሞ በኋላ የታወቁ ናቸው። ዊል ማይክል አንጋራኖ ነው። ጓደኛው ሌይላ ዳንየል ፓናቤከር ናት፤ «ዘ ፍላሽ» በሚለው ተከታታይ ውስጥ ኬትሊን ስኖውን ሆና ለዓመታት ሠርታለች። ቆንጆዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ግዌን፣ ሜሪ ኤልዛቤት ዊንስቴድ ናት። የሚያበራው ዛክ ደግሞ ኒኮላስ ብራውን ነው፤ «ሰክሴሽን»ን ያያችሁ በቁመቱ ብቻ ታውቁታላችሁ፣ ግሬግ ነው። ራሷን እያባዛች የምትደባደበው ፔኒ አንድ ሰው አይደለችም፤ መንትዮቹ ማሊካና ካዲጃ ሃክ ናቸው የተጫወቷት።

የ«ኢንክሬዲብልስ» ቅጂ አይደለም እንዴ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አላጠፋም። «ኢንክሬዲብልስ» በኅዳር 2004 ወጣ፣ ይህ በሐምሌ 2005። ሁለቱም ስለ ሱፐር ሂሮ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለቱም ከዲስኒ ቤት ናቸው። የሁለቱንም ሙዚቃ የሠራው ያው ሰው ነው፣ ማይክል ጃኪኖ።

ግን ዘጠኝ ወር ባልሞላ ጊዜ ተዋናይ ያለው ፊልም አይኮረጅም፤ ቀረጻው ራሱ ከዚያ ቀድሞ ነው የሚጀመረው። የሚያዩትም የተለያየ ነገር ነው። «ኢንክሬዲብልስ» ጭንቀቱ የአባት ነው፤ በጉልምስና ሥራው የተቀማ ሰው። እዚህ ግን ዓይኑ የልጅ ነው፤ ገና ያልተሰጠውን ነገር አለኝ ብሎ የሚዋሽ ልጅ። ከ«ኤክስ መን» እና ከ«ሃሪ ፖተር» ጋር ማወዳደሩ ይሻላል። እዚያም ልዩ ልጆችና ልዩ ትምህርት ቤት አሉ፤ «ሃሪ ፖተር» ላይ ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ምደባም አለ። ልዩነቱ፣ «ሃሪ ፖተር» ምደባውን ቁም ነገር አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ፊልም ይቀልድበታል።

ልጆቼ ኢፌክቱ የድሮ ነው ብለው ሳቁ። እውነት ደካማ ነው?

ገንዘቡ ትንሽ ነበር። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የወጣበት፤ ለሱፐር ሂሮ ፊልም ይህ የቁርስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አዎ፣ አንዳንድ የበረራ ትዕይንት ያረጀ ይመስላል። ቢሆንም ፊልሙ እውነት ልምሰል ብሎ አልተነሳም። ካሜራው ሆን ብሎ ያጋድላል፣ ቀለሙ እንደ ኮሚክ መጽሐፍ ደማቅ ነው።

ልጆቻችሁ ኢፌክቱ ላይ ሲስቁ ልብሶቹን እንዲያዩ ንገሯቸው። ዊል ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው የሚለብሰው፤ የቤተሰቡ ቀለም ነው። ሌይላ ዕፅዋትን የምታዝ ስለሆነች ከአረንጓዴ አትወጣም። ማጀንታ ሐምራዊ ናት፣ ዋረን ጥቁርና ቀይ ነው። ልብሱን የሠራው ማይክል ዊልኪንሰን በኋላ «ማን ኦፍ ስቲል» በሚለው የሱፐርማን ፊልም ላይም የሠራ ሰው ነው። የግዌንንም ቀለም ተከታተሉ። ምክንያቱን አሁን አልናገርም።

«ዜጋውን አድን» የሚባለው ጨዋታ ሕጉ እንዴት ነው?

ሁለት ተማሪዎች ጀግና፣ ሁለት ተማሪዎች ክፉ ሆነው ይጋጠማሉ። ጊዜው ሦስት ደቂቃ ነው። ከላይ አንድ አሻንጉሊት ሰው ታስሮ፣ የሚሽከረከር ምላጭ ወዳለበት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ «አድኑኝ» እያለም ይጮኻል። ጀግኖቹ ተቃዋሚዎቻቸውን ተቋቁመው አሻንጉሊቱን ካወረዱ ያሸንፋሉ። ክፉዎቹ የሚፈለግባቸው ሰዓቱ እስኪያልቅ ማገት ብቻ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ክፉዎቹ ያደላ ነው። ላሽና ስፒድ የሚባሉት ሁለት ጉልቤዎች ክፉ መሆንን የሚመርጡት ወደው አይደለም።

ትምህርት ቤቱ እውነት የት ነው ያለው?

ፊት ለፊቱ የምታዩት ባለ ረጃጅም ዓምድ ሕንጻ ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኖርዝሪጅ ውስጥ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ሎስ አንጀለስ። በ1994ቱ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድቶ ክንፎቹ እንደገና የተሠሩ ሕንጻ ነው። ፊልሙ ላይ ደግሞ ከሰማይ ሊወድቅ ይደርሳል። ዕድሉ ሆኖበት።

ክፍል ሁለት ለምን አልተሠራም?

ገንዘብ ነው። በዓለም ዙሪያ 86 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ያስገባው። ከወጪው አንጻር ከስሯል አይባልም፣ ግን ስቱዲዮ ዘሎ ሌላ የሚያሠራበት ቁጥርም አይደለም። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ቀጣይ ታሪክ «ሴቭ ዩ» በሚል ርዕስ ታስቦ እንደነበር ዳይሬክተሩ ተናግሯል። ሐሳብ ሆኖ ቀረ። ፊልሙ የተወደደው ከሲኒማ ከወረደ በኋላ፣ በዲቪዲና በቴሌቪዥን ነው። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ለልጆቻቸው ያሳያሉ።

ዋረን ዊልን ለምን ይጠላዋል? ክፉ ልጅ ነው? (ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ታሪኩን ያፈርጣል)

የዋረን እናት ጀግና ናት። አባቱ ባሮን ባትል ግን ክፉ ነበር፤ አስሮት ዕድሜ ልክ ያስፈረደበት ደግሞ የዊል አባት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ገና ሳይተዋወቁ ተጣልተዋል። ጠባቸው የወላጆቻቸው ነው።

ክፉ ግን አይደለም። ማታ ማታ ቻይና ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያነሳል፣ እዚያም ከሌይላ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። «ዜጋውን አድን» ላይ ሁለቱን ያለ ፈቃዳቸው አንድ ቡድን ሲያደርጓቸው ዊል ዋረን ሲታፈን አይቶ አሻንጉሊቱን ትቶ ወደ እሱ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጓደኝነት ብዙ ንግግር የለውም። ለዚህም ነው የሚታመነው። ለእኔ ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ በደንብ የተጻፈው እሱ ነው።

ሮያል ፔይን ግዌን ከሆነች ዕድሜዋ ስንት ነው?

ይህ ሁሉንም ያደናግራል። በቅደም ተከተል እንየው። የዊል ወላጆች ተማሪ በነበሩበት ዘመን ሱ ቴኒ የምትባል ልጅ ነበረች። መሣሪያን በአእምሮዋ ታዛለች። ያኔ ማንም ያንን እንደ ኃይል አልቆጠረውም፤ ረዳት ክፍል አስገቧት። ሮያል ፔይን የሚል ስም ይዛ፣ ብረት ለብሳ፣ ሰውን ሕፃን የሚያደርግ መሣሪያ ሠርታ መጣች። ከኮማንደሩ ጋር ስትዋጋ መሣሪያው ራሷን ሕፃን አደረጋት። ስቲቸስ የሚባለው ተከታይዋ አሳደጋት። አድጋ፣ ስሟን ግዌን ብላ፣ ያው ትምህርት ቤት እንደገና ገባች። አካሏ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የኖረችው ዕድሜ ግን የወላጆቹ ነው። ዊል ነገሩ ሲገባው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ከትልቅ ሴትዮ ጋር መሳሳሙ ነው።

ማንም ያልጠረጠራት ደግሞ ሁሉም ሮያል ፔይንን ወንድ ነው ብሎ ስላመነ ነው። ከብረቱ ልብስ ውስጥ የሚወጣው ድምፅ የፓትሪክ ዋርበርተን ነው፣ ጎርናና። ኮማንደሩም ጠላቱ ሞቷል ብሎ መሣሪያውን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ለማስታወሻ ቤቱ አስቀምጦታል። ግዌን ወደ ዊል የቀረበችው ለዚያ ነው። ሮዝ መልበሷ አሁን ገባችሁ።

እዚህ ጋ ፊልሙ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ያደርጋል። ጠላቷን ከሌላ ፕላኔት አላመጣትም። ያ መድረክ፣ ያ ጩኸት ነው የፈጠራት። ዛሬ ቢሆን ያው ኃይሏ «ጀግና!» ያስብላታል፤ እንዲያውም ግዌን ሆና ስትመለስ ጀግና ክፍል ነው የገባችው። ኃይሏ አልተለወጠም። የተለወጠው መዛኙ ነው።

ሌይላ ይህን ያህል ኃይል እያላት ለምን ደበቀችው?

አልደበቀችውም፣ አሻፈረኝ ነው ያለችው። ቡመር አሳዪ ሲላት ኃይሌን የምጠቀመው ሁኔታው ሲያስገድድ ብቻ ነው አለችው፤ ልጆችን ሁለት ቦታ መክፈሉንም እንደማትቀበል ልትነግረው ጀመረች። «ረዳት!» ብሎ ጮኸባት። ጓደኞቿ ተፈርዶባቸው ረዳት ሲሆኑ እሷ ግን ወዳ ገባች ማለት ይቻላል። በመጨረሻው ውጊያ ፔኒን በሐረግ ጠፍራ ስትይዛት ሁኔታው አስገደደ ማለት ነው።

እናቷ ከእንስሳት ጋር ትነጋገራለች። እንስሳቱ ደግሞ መበላት አንወድም ይላሉ። ስለዚህ ቤታቸው ሥጋ አይገባም።

ረዳቶቹ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቱን ካዳኑ ክፍፍሉ ቀረ?

ትምህርት ቤቱን አየር ላይ የሚይዘው ማሽን ሲጠፋ ማጀንታ ጊኒ ፒግ ሆና ጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ሽቦውን ትቆርጣለች። ዛክ ጨለማውን ያበራላታል። መድረኩ ላይ የተሳቀባቸው ኃይሎች ናቸው፣ አንድ በአንድ ቦታቸውን ያገኛሉ። ጸሐፊዎቹ ይህን በደንብ አስበውበታል።

ሥርዓቱ ግን ተሻረ የሚል አንድ ቃል የለም። ይጨበጨብላቸዋል፣ ይጨፈራል፣ አለቀ። በሚቀጥለው መስከረም ቡመር ያው መድረክ ላይ ቆሞ እንደማይጮህ የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ልጄ ይህን ጠየቀኝ ብሎ የጻፈ ወላጅ ካለ፣ ጎበዝ ልጅ አለው።

ዊል ኃይል የለውም ተብሎ ተጀምሮ መጨረሻ ላይ ሁለት ኃይል አገኘ። ይህ ማጭበርበር አይደለም?

ትንሽ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ በጣም ጥሩ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የጀግኖች ልጅ ሆኖ ምንም የሌለው ሰው ምን ይሆናል? ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ጉልበቱን ያወጣለታል። መጨረሻ ላይ ግዌን ከትምህርት ቤቱ ጫፍ ስትወረውረው የእናቱንም በረራ ይጨምርለታል። የአባቱን ጉልበት በእጁ ካገኘ በኋላ ጓደኞቹን መርሳቱና መመለሱ ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቀረው አንድ ሰው ጋ ነው፣ የሰርቪሱ ሹፌር ሮን ዊልሰን ጋ። ነርሷ ለዊል ስትነግረው፣ ሁለት ሱፐር ሂሮ ወላጆች ኖረውት ምንም ኃይል ያልወጣለት የምታውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው። ሮን ሥራውን ይወዳል፣ ዩኒፎርሙ የተተኮሰ ነው፣ ስሙንና ሥራውን አንድ ላይ አድርጎ ነው የሚጠራው። ዊል የድሮውን የተማሪዎች ፎቶ አይቶ የግዌንን ማንነት ባወቀበት ሌሊት ገና መብረር አይችልም፤ ሰማይ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሮን ነው። ሹፌር ሆኖ፣ በሹፌርነቱ ቀኑን አዳነ። እዚያ ላይ ቢተዉት ለጥያቄው መልስ ይሆን ነበር። አልተዉትም፤ በመዝጊያው ትረካ መርዛማ ቆሻሻ ውስጥ ወድቆ እንደ ሕንጻ የሚገዝፍ ኃይል እንዳገኘ ይነግሩናል። ልጆች በጣም ይወዱታል። እኔ ያቺን ግማሽ ደቂቃ ባልጨመሯት እላለሁ።